በዋሻው ውስጥ ስምንት ጊዜ የበራው

ላሊበላ፣ ኅዳር 1992 ዓ.ም.

ውድ እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣

«እማሆይ እኮ በሲኦል ውስጥ ስምንት ጊዜ ብርሃን በራላቸው» ስትል የሰማኋት ደመቀች ናት። ቦኖው ዘንድ ጀሪካኗን እየሞላች ለጎረቤቷ ታወራለች፤ እኔ ወረፋ ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ። በከተማችን ወሬ ከሠፈር ሠፈር ሲሻገር ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ይህኛው ግን ሳይጨመርበት ሳይቀነስለት ደረሰ። ስምንት ነው፤ ልክ ናት። የማውቀውም ስምንት ላይ ያደረግሁት እኔ ስለሆንሁ ነው።

ይህን ፊት ለፊት ልነግርዎ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞክሬ አቃተኝ። የእኔ አፍ የሚፈታው በማይመለከተኝ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ጻፍሁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ጀርመናዊ ቱሪስት ሻንጣ ከብዶት የካሜራ ፍላሹን ከነመመሪያው ትቶልኝ በሄደ ጊዜ ነው። ይህ ፍላሽ እንደ ሌላው አንዴ ብልጭ ብሎ አያበቃም። ስምንት ብለው ካዘዙት፣ በሴኮንድ ሁለቴ ብልጭ እያለ ስምንት ጊዜ ይበራል። ያ ሁሉ እስኪያልቅ የካሜራው ዓይን አይከደንም፤ በፊቱ የሚራመድ አንድ ሰው በአንዲት ፎቶ ላይ ስምንት ሆኖ ይወጣል። መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ፍጹም ጨለማ የሆነ ቦታ ይምረጡ ይላል። በእኛ አገር በቀን ፍጹም ጨለማ የማውቀው አንድ ቦታ ነው፤ ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረው፣ አስጎብኚዎቹ ሲኦል የሚሉት ዋሻ። ምእመን ያለ መብራት፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ የሚያልፍበት። መመሪያው ስለዚህ ምንም አይልም።

አስጎብኚውን ምናለን ነጭ ጋቢ ለብሶ እንዲራመድልኝ ለመንሁት። በሲኦል ውስጥ የተነሣሁትን ፎቶ ለማን ልልከው ነው ብሎ ሳቀብኝና እሺ አለ። እኔ መውጫው አጠገብ ከካሜራዬ ኋላ ተንበርክኬ ጠበቅሁ። ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ያለ ኮቴ ነበር፤ ምናለ ለፎቶው ብሎ የተጠነቀቀልኝ መሰለኝ። ካሜራውን ከፍቼ ፍላሹን ለቀቅሁት።

በሦስተኛው ብልጭታ ምናለ አለመሆኑን አወቅሁ። በአራተኛው ቆብዎን አየሁ። ማጥፋት እችል ነበር፤ አንዲት ቁልፍ ናት። ግን የሚወጣው ፎቶ አጓጓኝና እስከ ስምንት ቆጠርሁ። እርስዎም በመቁጠሪያ የለመዱ ነዎትና ቆጥረው ኖሯል። ምናለ ለካ በወዲያኛው በር ቱሪስቶች ይዘውት ቀርቷል።

ከዚያ ጨለመ። «ጌታዬ፣ እኔ ማን ነኝና» አሉ። «እኔ ነኝ እማሆይ፣ ሸጋው ነኝ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። እኔ እሷንም ዋጥሁ። ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ፤ እጅዎ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብለው ትከሻዬን እንደ ቤተ ክርስቲያን መቃን ተሳለሙትና አለፉ። መልአክ የሚያሰኘው ዝምታ ከሆነ፣ ያን ቀን ሳይሳካልኝ አልቀረም።

በዚያው ሰሞን የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጡ። ልጅዎ ሰርካለም ከሙጃ ድረስ በጭነት መኪና ተንገላትታ መጥታ አስመዘገበችዎ። እርስዎ አልሄድም አሉ። ፎቶ ቤቴ መጥታ አለቀሰች፤ «እናቴ የአንተን ቃል ትሰማለችና አንድ ነገር በልልኝ» ብላ።

መጣሁ። ልነግርዎ ነበር የመጣሁት። መደቡ ላይ አስቀምጠው ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። እኔም፣ አያድርስ ነው፣ ምን ዓይነት ብርሃን ነበር ብዬ ጠየቅሁ።

«ነጭ» አሉ። «ደጋግሞ ስም እንደ መጥራት ያለ። ሸጋው የኔ ልጅ፣ እጄን አየሁት። ሦስት ዓመት አላየሁትም ነበር። አርጅቷል።»

«ሐኪሞቹስ?» አልሁ።

«በሲኦል ያበራልኝ በደጅ ያቅተዋል? አሁን ወደ ምላጭ ብሮጥ አላመንሁህም ማለቴ አይደል?»

«እውነትዎን ነው» አልሁ።

ይህችን ቃል መልሼ ለመዋጥ ይኸው እስከ ዛሬ እታገላለሁ። ሐኪሞቹ አምስት ቀን ሠርተው ሄዱ። በእርስዎ ተራ የገባ አንድ የብልባላ ሰው አሁን በቅሎውን ከማዶ ለይቶ ይጠራል።

ምክንያት ደርድሬ ነበር። ካህናቱን ሳላስፈቅድ ያበራሁት ነውና ቢሰሙ ያዋርዱኛል አልሁ። ደግሞ የሰው እምነት ማፍረስ ኀጢአት ነው ብዬ ከመጽሐፍ እየጠቀስሁ ለራሴ አስረዳሁት፤ ብዙ ማንበቤ የጠቀመኝ ለዚህ ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን ፎቶው ማማሩ ነው። ስምንት እማሆይ በአንድ ረድፍ፣ ስምንት እጅ ግድግዳው ላይ። ዐለቱ ስምንት ጊዜ ስለበራበት ፈክቶ ወጥቷል። እርስዎ በየርምጃዎ አንዴ ብቻ ስለበራብዎ ስስ ነዎት፤ በሰውነትዎ ውስጥ ዐለቱ ይታያል። በመጨረሻው ላይ ቀና ብለው ፈገግ ብለዋል።

አዲስ አበባ ለውድድር ልኬው ሦስተኛ ወጣ። ርእሱን «ያልታወቁ መነኵሲት» አልሁት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቅዎ እኔ። ፎቶው ከውስጠኛው ክፍል ተሰቅሏል፤ ሰው አላስገባም። እርስዎን ግን ፀሐይ ሲበረታብዎ እዚያ አስገብቼ አሳርፍዎታለሁ። ከሥሩ ተቀምጠው ይመርቁኛል።

ሐኪሞቹ ዘንድሮም ይመጣሉ። ምዝገባው ቅዳሜ ያበቃል። ሞራው ከዚህ በላይ ከቆየ ነገሩ እንደሚከብድ ነርሷ ይማርሽ ነግራኛለች። ስለዚህ እማሆይ፣ ያ ብርሃን የእኔ ነበር። አራት ባትሪ ነበር። ስለ እግዚአብሔር ምንም አልልም፤ እሱ የራሱን ያውቃል። ይቅር ይበሉኝም አልልም። ይመዝገቡ። እጅዎን ይዤ እወስድዎታለሁ፤ ዓይንዎ የበራ ዕለት ፎቶውን አሳይዎታለሁ፤ ያን ጊዜ ምርቃቱን ሁሉ መልሰው ይውሰዱት።

አፍሮ የሚኖር ጎረቤትዎ፣
ሸጋው፣ ፎቶ አንሺው

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ለእርስዎ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የማነብልዎ እኔ ነኝ።