ከሳጥኑ የወጣ ፊርማ

ይድረስ ባሕር ማዶ መርከብ ሲቀባ ለሚውለው ለወንድም ጋሼ ትሪስኖ።

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆቴና ሰላምታዬ ቡሳን ወደብ ድረስ ይምጡልህ። እንዴት ሰንብተሃል? ያ የቀለም ሽታ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ደረትህን ይዞሃል? ብርዱስ ገባ? ላስሚ የላከችልህን ሹራብ ለጓደኛህ ሰጠኸው አሉ፤ ሚስትህ ተቀይማሃለች። እኔ «የእሱ ነገር መቼም ይሄው ነው» ብዬ ላበርዳት ሞክሬ ነበር፣ ይባስ አቀጣጠልኳት። እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። ዝናቡ ዘግይቷል፣ የጉድጓዱም ውኃ ወርዷል። በሙቀቱ ምክንያት የአክስቴ ዋርቲ ቴምፔ፣ ያ የአኩሪ አተር ቡኮዋ፣ ቶሎ እየደረሰላት ገበያው ደርቶላታል። ልጅህ ገንዲስ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች።

በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት ትል ይሆናል። ይህን ነገር በስልክ ስጀምረው ድምፄ ከፍ ይላል፤ አባባ ደግሞ የታመመው ዓይናቸው ነው እንጂ ጆሯቸው አይደለም። ስለዚህ ጓሮ ከሙዙ ሥር ተቀምጬ እየጻፍኩልህ ነው። ብዕሩ ወረቀቱን ሲወጋው ካየህ ንዴቴ መሆኑን እወቅልኝ።

ስለ ዓይናቸው የነገርንህ ግማሹን ብቻ ነው። በጾሙ ወር ያየቻቸው ሐኪም ጠርዝ ጠርዙ ጠፍቶ መሐሉ ብቻ እንደቀረላቸው፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቢቆይ ትልቅ ነገር መሆኑን ነግራናለች። ያን ቀን በባቡር ስንመለስ አባባ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ፤ «እንግዲያው ፈጠን በይ፣ ከላይ ሆኜ ቤታችንን ልየው» አሉ። አንተም ታውቃለህ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእርሻውን መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖች ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው አንድ ቀን እንኳ ከመሬት አልተነሱም። አብሮህ የተማረው ዊግኞ፣ አሁን እዚህ በረራ ክበብ አሠልጣኝ ነው፣ «እኔ ነገ ጠዋት አወጣቸዋለሁ» ብሎ ነበር። አባባ ግን «አብራሪዎቹማ ሠላሳ ዓመት ሲለምኑኝ ነው የኖሩት። እኔ የምወጣው ልጄ ስታበር ነው» ብለው ዘጉት። ግትርነቱን ከማን እንደወረስነው መቼም አይጠፋህም።

ወደ አገሬ ስመለስ ሐሳቤ ቀላል ነበር። ኒውዚላንድ አራት ዓመት ላም እያለብኩ፣ የዕረፍት ቀኔን ሁሉ በዚያች የሣር ሜዳ ላይ እየጨረስኩ ያገኘሁት የግል አብራሪነት ፈቃድ አለኝ። እሱን ወደ አገራችን ፈቃድ አስቀይራለሁ፣ ከዚያ አባባን ይዤ እወጣለሁ። ሁለት ወር ቢፈጅ ነው ብዬ ነበር። ይኸው ሰባተኛ ወር ይዣለሁ።

በመጀመሪያ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን የሰጠው አገር ራሱ በቀጥታ ይጻፍልን አሉ። ተጻፈ። ቀኑ አልፎበታል ብለው እንደገና አስጻፉ። ለሕክምና ምርመራ ሄድኩ። ዓይኔን ያየው ሰውዬ «የጭልፊት ዓይን ነው ያለሽ» ሲለኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ አባባ ትዝ አሉኝና አለቀስኩ፤ ሰውዬው ደንግጦ የደም ግፊቴን ድጋሚ ለካኝ። የአየር ሕጉን ፈተና በሰማንያ ስምንት አለፍኩ። ከፈታኙ ጋር በርሬ አውሮፕላኗን ሦስት ጊዜ አሳረፍኩ፤ «ሁለተኛዋን እኔም እንዲህ አላሳርፋትም» ብሎ ፈረመልኝ። ከዚያ ደግሞ ፎልደሬ ቀይ ነው፣ ቢጫ ይሁን አሉኝ። ቢጫ ይዤ ብሄድ ቢጫው የሌላ ክፍል ነው ተባልኩ። የፎቶዬ ጀርባ ሰማያዊ ነበር፤ በጎዶሎ ዓመት የተወለደ ሰው ጀርባው ቀይ መሆን አለበት አሉኝ። በቀይ ተነሣሁ። ፎቶው ላይ ሰው በልቼ የወጣሁ ነው የምመስለው። ይህን ሁሉ ችዬ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። በአንዱም አልጮህኩም።

የተያዝኩት በመጨረሻው ወረቀት ነው፣ በልደት ምስክር ወረቀቴ። ፋይሌን የያዘችው እትዬ ንዳሪ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ፈቃዴን አየች። «የኔ እህት፣ ይቺ ኩሱማ ራትናኒንግሩም ማናት?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። «ታዲያ ይቺ አብራሪዋ ዊሉጀንግስ?» እሷም እኔ ነኝ አልኳት። «እንግዲህ አንዳችሁ ናችሁ መብረር የምትችሉት» አለችና ፋይሌን አጠፈችው።

ነገሩን ከእኔ ይልቅ አንተ ታስታውሰዋለህ፤ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። እኔ አምስት ዓመቴ ላይ ትኩሳት ይዞኝ ዘጠኝ ሳምንት አልጋ ላይ ስወድቅ መንደሩ ሁሉ «ስሙ ከብዷት ነው፣ የንግሥት ስም ለሜካኒክ ልጅ አውጥታችሁ» አላቸው። እማማ፣ ፈጣሪ ይማራትና፣ እንደ አገሩ የስም ልማድ ቀዩንና ነጩን ገንፎ አገነፋች፣ አዲሱን ስም አወጡልኝ፣ አንተ ደግሞ ገንፎውን በሙዝ ቅጠል እያዞርክ በየበሩ «እህቴ ከዛሬ ጀምሮ ዊሉጀንግ ናት» እያልክ ተናገርክ። ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ የድሮው ስሜ ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። አንድ ቀን ተሳስተህ ብትጠራኝ አባባ በሕይወታቸው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጥፊ አቀመሱህ። ትምህርት ቤቱም፣ መታወቂያውም፣ ፓስፖርቱም በአዲሱ ስም ወጡ። የልደት ወረቀቱን ብቻ ማስቀየር ማንም ትዝ አላለውም። ገንፎ ከተበላ ነገሩ አለቀ ብለው ነዋ! ለጎረቤት ሁሉ ተነገረ፣ ለመንግሥት ግን የነገረ የለም።

እትዬ ንዳሪ ሁለት መንገድ አለ አለችኝ። አንዱ ፍርድ ቤት ነው፣ እሱ ዓመቱን ያሻግረናል። ሌላው ወላጅ ራሱ መጥቶ የድሮውን ስም በቃሉ ጠርቶ፣ ሁለቱም ስሞች የአንዲት ልጅ ናቸው ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ነው፤ በሳምንት ያልቃል። እየበረርኩ ቤት ደረስኩ። አባባ ግን እንደሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ያን ስም ከአፌ አላወጣም። ወስዶሽ ነበር፣ አስጥዬሻለሁ፣ መልሼ አልጠራውም» አሉ። ለመንኳቸው። አክስቴም ለመነቻቸው። ላስሚም እግራቸው ላይ ወደቀች። አልሆነም።

ያን ጊዜ ነው ያበላሸሁት። ለአንተ አልደብቅም። «ዓይንዎ እየጠፋ ስም ይፈራሉ?» አልኳቸው። ገንዲስ እንኳ ማኘኳን አቆመች። አባባ ተነሥተው በረንዳ ላይ ተቀመጡና በብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቀሟቸውን የድሮ ብሎኖች በጣታቸው እየዳሰሱ በየመጠናቸው ሲለዩ ዋሉ። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። አገሩም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ አባባም፣ እኔ ራሴም አስጠላኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት «ዋርቲ፣ ቀዩንና ነጩን ገንፎ ሥሪ» ሲሉ ሰማሁ። አክስቴ ለማን ነው ብትላቸው «ለመንገድ» አሉ። ያን የሠርግህን ባቲክ ሸሚዝ ለበሱ። አምስት ሰዓት ሙሉ በባቡር ሄድን፤ ገንፎውን በተደራራቢው የምሳ ዕቃ ጭናቸው ላይ ይዘው፣ እኔ ልያዝልዎ ብላቸው እንቢ ብለው። መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ ለእትዬ ንዳሪ በሁለት እጃቸው አቀረቡላት። ሴትዮዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «እኔም በልጅነቴ ስሜ ተቀይሯል አባቴ። የእኔ አባት ግን ጸሐፊ ስለነበረ በማግሥቱ ወረቀቱንም አስቀየረው» አለችና እዚያው ቆማ ቀመሰች።

ከዚያ አባባ ቆሙ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ልጄ በልደቷ ኩሱማ ራትናኒንግሩም ትባል ነበር» አሉ። ስሙን ሲጨርሱ ወዲያው ክንዴን ጨበጡና ጨብጠውኝ ቀሩ።

አለቀልን ብዬ ነበር። የቀረው ፊርማ ነበር፤ ከቴምብሩ አጠገብ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን አለች፣ እዚያ ውስጥ ነው የሚፈረመው። አባባ አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ጎንበስ ብለው ፈረሙ። ፊርማው ከሳጥኑ ወጥቶ ቴምብሩን ተሻግሮ ቁልቁል ወረደ። ከመታወቂያቸው ጋር ሲያስተያዩት አይመሳሰልም። ሌላ ወረቀት ተሰጣቸው፣ ያም ወጣ። የጣት አሻራ ያድርጉልኝ ብዬ እትዬ ንዳሪን ለመንኳት። «አሻራ መጻፍ ለማይችል ነው። መታወቂያቸው ላይ ፊርማ አላቸው፤ ፊርማ ያለው ሰው ደግሞ ይፈርማል» አለችኝ። እጃቸውን ይዤ ሳጥኑ ላይ ላስቀምጥላቸው ስል «አትንኪያቸው የኔ እህት፣ ካሜራ አለ፣ እኔንም ታስወጪኛለሽ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበርና አልተጣላኋትም። በሦስተኛው ወረቀት ላይ አባባ ብዕሩን እንደያዙ ቀና አሉና «ሳጥኑ የት አለ?» አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ሳጥኑ ፊት ለፊታቸው ነበር።

ለሐኪሟ የዓመቱ መጨረሻ ገና ሁለት ወር ተኩል ይቀረው ይሆናል። ለአባባ ግን መሐሉም ሄዷል፤ መቼ እንደሄደ አልነገሩንም። በረንዳ ላይ ብሎኖቹን በጣታቸው ሲለዩ የነበረው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ እኔ ኩርፊያ መስሎኝ ነበር። እኔ በፎልደር ቀለም ስጨቃጨቅ፣ በፎቶ ጀርባ ስመላለስ፣ የቤታችን ጣሪያ ከዓይናቸው አመለጠ። በማን እንደምናደድ አላውቅም፣ ግን ተናድጃለሁ፣ እንደዚህ ተናድጄ አላውቅም።

ከዚያ በባቡር ተመለስን። ትንሽ እንደሄድን አባባ በዝግታ «ኩሱማ» ብለው ጠሩኝ። አቤት አልኳቸው። ጥቂት ጠበቁና ግንባሬን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ትኩሳት እንዳለኝ ሊያዩ። «ምንም አልሆንሽም?» አሉኝ። ምንም አልሆንኩም አባባ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ እየጠሩኝ መጡ፤ «ኩሱማ፣ የት ደረስን? ኩሱማ፣ ወንዙ ሞልቷል?» እያሉ፤ ሃያ አራት ዓመት ያስቀመጡትን ስም በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ከጣቢያችን ልንወርድ ስንል ያንን በደሌን ይቅር ይበሉኝ ብላቸው «አንቺ ብቻ አውጪኝ። እኔ ሞተሩን እሰማለሁ፣ አንቺ ደግሞ ከታች ያለውን ትነግሪኛለሽ» አሉ።

እንግዲህ በደብዳቤ አንተ ጋ ያመጣኝ ይህ ነው። እትዬ ንዳሪ ሕጉን አገላብጣ አንድ ቀዳዳ አገኘችልኝ፤ ወላጅ መፈረም ካልቻለ ስሙ ሲቀየር በቦታው የነበረ ታላቅ ወንድም፣ ባለበት አገር ኤምባሲያችን ፊት መፈረም ይችላል። ገንፎውን በየበሩ ያዞርከው አንተ ነህ፤ ሌላ የለም። ወረቀቱ ከዚህ ጋር ታጥፏል። አለቃህ ፈቃድ አልሰጥም ቢልህ አባቴ ሊበር ነው በለው፣ የሚገባው ሰው ከሆነ ይገባዋል። ካልገባውም ሹልክ ብለህ ሂድ። ከዚህ በኋላ ቀን እንድናባክን አልፈልግም፤ አሁን ደግሞ ጆሯቸውንና ጉልበታቸውን ነው የምሽቀዳደመው።

አክስቴ ዋርቲ ሳሚልኝ ትላለች፣ የደረቀ ቴምፔ በሚመጣ ሰው ትልክልሃለች። ላስሚ ኩርፊያዋ እንዳለ ሆኖ ናፍቃሃለች፤ ሌላ ሹራብ ጀምራለች፣ ይሄኛውን ከሰጠህ ግን አትመለስ ብላለች። ገንዲስ የወለቀ ጥርሷን ልላክለት ብላ አስቸግራን ነበር፣ ሥዕሉን ስላ ከኋላ አድርጋልሃለች። ዊግኞም ሰላም ብሎሃል፤ አውሮፕላኗን አጥቦ የቀኙን ወንበር ለአባባ አመቻችቶ ይጠብቃል። አባባን ምን ልጻፍለት ስላቸው ብዙ አሰቡ። «ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ይፈርም በይው፤ ከሳጥኑ እንዳይወጣ» አሉ።

የምትወድህ እህትህ
ኩሱማ ዊሉጀንግ

ክሮያ፣ ጃቫ
ኦክቶበር 14 ቀን 2024