«በቋሚነት ተዘግቷል» ስለተባለው ወንድሜ

ለሰሜን ደሴቶች የአነስተኛ ንግድ የኢንተርኔት ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ዋና ኃላፊ
ሳቩሳቩ

ጉዳዩ፦ አንዲት መልእክት ለመላክ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳያቋርጥ ይሥራ፤ ጠዋት ከቤትዎ የሚወጡት ልጆችዎም ማታ ቁጥራቸው ሳይጎድል ራት ላይ ይገኙልዎ። ይህ ሁለተኛው ምኞት ለአንድ ቤት ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ቀድሞ አላውቅም ነበር፤ ዘንድሮ ስላወቅሁት ለእርስዎም ከልቤ እመኝልዎታለሁ።

ስሜ ኢኖኬ ነው። የዋይሌኩ መንደር ልጅ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እኔን አያውቁኝም፤ ታላቅ ወንድሜን ኪቲዮኔን ግን በየቀኑ ያዩታል፤ በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ ግድግዳ ላይ፣ በጀልባው አፍንጫ ቆሞ የሚስቀው እሱ ነው። ከዚህ በፊት በኢንተርኔት ገጽዎ በኩል ደጋግሜ ጽፌልዎ፣ በጻፍኩ ቁጥር «ስላገኙን ደስ ብሎናል!» የሚል መልስ ከአንዲት ቢጫ ፈገግተኛ ፊት ጋር ወዲያው ደርሶኛል። ይህን ያህል ደስታ ለብቻዬ ማስቀረት ነውር ስለመሰለኝ፣ ይህችኛዋን ደብዳቤ በመንደራችን ሱቅ በርና በከተማው አውቶቡስ የኋላ መስታወት ላይ ለጥፌ ሰው ሁሉ እንዲያነባት አድርጌአለሁ።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር የማቀርበው መምህራችን «ባለሥልጣን ቁጥር ካላየ አያነብም» ስላሉን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ካርታው። ወንድሜ ጽሕፈት ቤትዎ ያዘጋጀውን ሥልጠና ተካፍሎ የተመለሰ ዕለት፣ ራት ላይ፣ «እማዬ፣ በኢንተርኔት የሌለ ሰው በዓለም ላይ የለም ተባልን። እስከ ዛሬ አልነበርንም እኮ!» አላት። እናቴም «ታዲያ ይሄን ሁሉ ካሳቫ ማን ነው የበላው?» አለችው። ተሳስቀን አበቃን፤ በማግስቱ ግን ለጀልባ ሥራው የኢንተርኔት ገጽ ከፈተ። እንግዶችን በእንጨት ጀልባው ባሕሩ ውስጥ ወዳለው የኮራል ዐለት እየወሰደ ዓሣ የሚያሳይና የሚያስጠምድ ሰው ስለሆነ፣ «ንግድዎ የት ነው?» ሲባል ምልክቱን ካርታው ላይ ሰማያዊው መሐል ተከለ። ጽሕፈት ቤትዎ «አድራሻው ባሕር ውስጥ ነው፤ ይስተካከል» ብሎ በጥንቃቄ ወደ የብስ አወጣለትና ፓስተራችን ቤት ላይ አስቀመጠለት። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች በዋና ልብስ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው፣ በጸሎት ሰዓት የፓስተሩን በር አንኳኩ። ፓስተሩ ወንድሜን አስጠርተው «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ለጥምቀት ነው የመጡት?» አሉት።

የሥራ ሰዓቱንም «ውኃው ሲሞላ» ብሎ የጻፈውን፣ ባሕሩም እንደ መንግሥት ሠራተኛ ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲሠራ አድርጋችሁ አስተካክላችሁለታል። ውኃው ይህን ስላልሰማ እንግዶቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ እየገቡ ወደ ጀልባው ይሄዱ ነበር። ለዚህ ሁሉ ያኔ ያላመሰገንነው እየሳቅን ስለነበር ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ኮከቦቹ። የጽሕፈት ቤትዎ አሠልጣኝ «ደንበኛን እንቢ አትበሉ፤ አንድ ኮከብ የጎደለበት ንግድ ግማሹ ሞቷል» ብለው አስተምረዋል። ወንድሜ ይህን በቀይ ቀለም በጀልባው የውስጥ ጎን ላይ ጻፈው። እንግዶች ገጹ ላይ የሚሰጡትንም ኮከቦች እንደ ጫጩት ይጠብቃቸው ነበር። አንዲት ሴትዮ ዓሣው አጥንት በዝቶበታል ብላ አንድ ኮከብ ስታስቀርበት፣ «እመቤቴ፣ ዓሣው ይቅርታ ጠይቋል፤ አጥንቱን የያዘው ለራሱ ብሎ ነበር» ብሎ መለሰላት፤ ሴትዮዋም የቀረውን ኮከብ ጨመረችለት። ገጹ ላይ እንዲህ ያሉ ብዙ መልሶች አሉ። የወንድሜ ድምፅ ተጽፎ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ከዚያ ዳረን የሚባል እንግዳ ከኒው ዚላንድ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ካሳቫውንም ዓሣውንም ሳይመርጥ በላ፤ ከወንድሜ ጋር ሲቀልድና ፎቶ ሲያነሳው ዋለ። ማታ ቦርሳውን ሲያሰናዳ ካሜራው የለም፤ ውኃው ሲጎድል ብቅ በምትለው የአሸዋ ደሴት ላይ ረስቶታል። ያን ሌሊት ከተማ አድሮ በማለዳ በትንሿ አውሮፕላን ስለሚሄድ መኪናው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ወንድሜ «አንተ ሂድ፤ ጠዋት አውሮፕላኑ ጋ አመጣልሃለሁ» ብሎ ሸኘው።

አጎቴ ሳኪዩሳ ባሕሩ ዳር ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። «ነፋሱ ተገልብጧል፤ ጀልባዋን ወደ ላይ ጎትታት» አለው።

«ደርሶ መምጣት ነው፣ አጎቴ። ውኃው ሲሞላ ደሴቷን ከነካሜራው ይወስዳታል።»

«የተረሳው ካሜራ ነው እንጂ ልጅ መሰለህ እንዴ!»

«ቃል ገብቻለሁ እኮ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሞተሩን እየሳበ፣ «አንተ ደግሞ ምን ታፈጣለህ? ሻይ ጣድ! ኮከቤን ይዤ መጣሁ» አለኝ።

ሻዩን ጥጄ ነበር።

ነፋሱ ሲቆም አጎቶቼ ወጥተው አገኙት። ጀልባዋ ተገልብጣ ነበር፤ ቀዩ ጽሑፍ ግን አልለቀቀም፤ ጥሩ ቀለም ነው። የካሜራው ማንጠልጠያ በወንድሜ እጅ አንጓ ላይ፣ እሱ መልሕቅ በሚያስርበት ቋጠሮ፣ ሁለት ጊዜ ታስሮ ተገኘ። ካሜራው ውኃ የማያስገባ ስለሆነ ምንም አልሆነም። የተገኘበት ቦታ፣ ምልክቱን ካርታው ላይ ከተከለበት ብዙም አልራቀም ነበር። «አድራሻው ባሕር ውስጥ ነው» ያለው ጽሕፈት ቤትዎ አልተሳሳተም ነበር፤ ያኔ ያላወቅነው እኛ ነን።

ሦስተኛ፣ ስለ መዘጋቱ። ክቡርነትዎ የደሴት ልጅ ስለሆኑ እንደሚያውቁት፣ የባሕር ሰው ሲሞት ባሕሩም አብሮ ሐዘን ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹ ኮራሉ መግቢያ ላይ እንጨት ተክለው የኮኮናት ዝንጣፊ አሰሩበትና ታምቡ ብለው ከለከሉት፤ እስከ መቶኛው ሌሊት መረብ አይጣልም፣ ጀልባ አይገባም። ዓሣ አጥማጁ የዋይሌኩ ሕዝብ ይኸው በቆርቆሮ ዓሣ ይኖራል፤ ማንም አላጉረመረመም።

በዚህ መካከል ሲስተማችሁ ወንድሜ ለደንበኞች መልስ አለመስጠቱ አሳስቦት ምክንያቱን ጠየቀ። መልስ ከሚመረጥባቸው ውስጥ «ዓመታዊ ፈቃድ»፣ «ዕድሳት»፣ «የባለቤትነት ለውጥ» የሚሉ ነበሩ። ባሕሩ ሐዘን ላይ ነው የሚል ስላልነበረና እኔም መምረጥ ስላልተፈቀደልኝ፣ ሲስተሙ ራሱ መረጠልን፤ ከወንድሜ ስም በላይ በቀይ «በቋሚነት ተዘግቷል» ብሎ ጻፈ። እናቴ የያዝኩትን ስልክ ከእጄ ወስዳ ቀዩን በጣቷ እየነካች «ምን ይላል?» አለችኝ። «እረፍት ላይ ነው ይላል» አልኳት። «ደህና ብለዋል» አለችና መለሰችልኝ።

አራተኛ፣ ስለ አቀባበላችሁ፤ ይህኛው በእርግጥ ምስጋና ነው። ለልመና ባዶ እጅ ስለማይኬድ፣ አጎቴ ሳኪዩሳ ከጓሮው የነቀለውን፣ ተወቅጦ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር በጋዜጣ ጠቅልሎ አስይዞኝ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ወይዘሪት ሜሬዋላሲ የምትባለው ሠራተኛዎ ከወንበሯ ተነሥታ፣ መሬት ተቀምጣ፣ እንደ ወጉ አጨብጭባ ተቀበለችኝ። ያመጣሁትን ጉዳይ ሁሉ ከሰማች በኋላ ግን ዓይኗን ኮምፒውተሩ ላይ ጥላ «ወንድሜ፣ እኔ ተቀብዬሃለሁ። ሲስተሙ ግን ያንጎና አይጠጣም» አለች።

«ምን ይሻላል እህቴ?»

«የማረጋገጫ ኮድ ልላክና ያንን ትነግረኛለህ።»

«ወዴት ነው የሚላከው?»

«ወደ ስልኩ።»

«ስልኩ እኮ ከሱ ጋር ባሕር ገብቶ ቀረ።»

እጇ ቁልፉን ቀድሞ ነክቶት ነበር። «ውይ… ተልኳል» አለች።

የሞት የምስክር ወረቀቱን ሰጠኋት። አለቃዋን ጠይቃ ተመለሰችና፣ ወረቀቱ ወንድሜ መሞቱን እንጂ የገጹ ባለቤት መሆኑን ስለማያረጋግጥ፣ ባለቤቱ ራሱ መታወቂያውን ይዞ በአካል ቢቀርብ እንደሚሻል አስረዳችኝ። እያለቀሰች ስለነበረ አልተቆጣኋትም። በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ቁርጥ እሱን ነህ ስለሚለኝ፣ ፊት በሚያየው ማሽን እንድሞክር ፈቀደችልኝ። ማሽኑ «ፊትዎን ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ ወደ ግራ ያዙሩ፤ ፈገግ ይበሉ» አለኝ። አዞርኩ። ፈገግታው ትንሽ አስቸገረኝ። ማሽኑ አይቶኝ ሲያበቃ «እርስዎ የዚህ ገጽ ባለቤት አይደሉም» አለ።

ለዚህ መልስ ጽሕፈት ቤትዎን ያለ ምንም ምጸት አመሰግናለሁ። ከቀብሩ ጀምሮ ሰው ሁሉ ትከሻዬን እየነካ «አይዞህ፣ ከእንግዲህ ኪቲዮኔ አንተ ነህ» ይለኛል። አይደለህም ያለኝ የእናንተ ማሽን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ። ካሳ አልጠየቅሁም፤ ምልክቱ ከፓስተሩ ቤት እንዲነሣም አልጠየቅሁም፤ ፓስተሩ እንግዳ ለምደዋል። የምጠይቀው ገጹ ላይ አንዲት መልስ እንድጽፍ ብቻ ነው። ዳረን የነገረን ስሙንና አገሩን ብቻ ነው፤ እሱን የምናገኝበት ሌላ መንገድ የለንም። አገሩ ከገባ በኋላ ሁለት ኮከብ ሰጥቶ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ምግቡም ባሕሩም ድንቅ ነው። ባለጀልባው ግን ካሜራዬን ጠዋት አመጣልሃለሁ ብሎ ቀረ። ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ነው።» አልፈርድበትም፤ አውሮፕላኑ ጋ ቆሞ እስከ መጨረሻው ጠብቆታል፤ የሆነውን የነገረው የለም። ነገር ግን ይህ ቃል በወንድሜ ስም ሥር የመጨረሻው ሆኖ ተቀምጧል፤ ከበታቹም ለባለቤቱ መልስ የተተወ ባዶ ቦታ አለ። ሲስተማችሁ ደግሞ የተዘጉ ገጾችን ከነመልሶቻቸው እንደሚያጠፋ አስታውቋል፤ ቀኑን ስቆጥረው ባሕራችን ከሐዘን ከመነሣቱ በፊት ነው።

በዚያ ባዶ ቦታ የምጽፈውን፣ ሲስተሙ አስቀድሞ እንዲመረምረው፣ እነሆ፦

«ጌታዬ ዳረን፣ ካሜራህን ወንድሜ አግኝቶልሃል። ያዘገየው ነፋስ ነው። የምንልክበትን አድራሻ ንገረን።»

ካሜራው እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ በወንድሜ የእሑድ ሸሚዝ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የእኛ ፎቶዎች ሁሉ ወንድሜ ስልክ ውስጥ ነበሩ። የመጨረሻው ቀን ፎቶዎቹ እዚያ ካሜራ ውስጥ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። የሚከፈትበትንም ቁልፍ አይቼዋለሁ። እናቴ ግን «የሰው ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም» ብላለች፤ እስከ ዛሬም አልተነካም። አንዳንድ ቀን ሳጥኑን ትከፍትና ሸሚዙን ብቻ ዳስሳ ትዘጋዋለች። ስለዚህ መልእክቴ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨመርባት ሲስተሙ ቅር እንዳይለው እለምናለሁ፦

«ከመላካችን በፊት እናታችን አንድ ጊዜ ታየው ዘንድ ትፈቅድላታለህ?»

የክቡርነትዎ ጊዜ ውድ መሆኑን፣ ሲስተሙም ከእርስዎ በላይ መሆኑን ተረድቼ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ በአንዲት ጣት ሊፈጽሙት በሚችሉት ነገር ስላስቸገርኩዎ አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ባሕርዎ ሞልቶ ነፋስዎ ሁልጊዜ ወደ ቤት የሚመልስዎ እንዲሆን የምመኝልዎ፣

ገጹ ላይ ያልተመዘገበው አገልጋይዎ፣
ኢኖኬ፣ የኪቲዮኔ ታናሽ ወንድም
ዋይሌኩ መንደር

ግልባጭ፦
ለፓስተራችን፣ እንግዶች ከመጡ ነገሩን እንዲያስረዱልን
ለወይዘሪት ሜሬዋላሲ፣ ከምስጋና ጋር
ለዳረን፣ ባለበት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በመግቢያችሁ ግድግዳ ላይ ካለው የወንድሜ ፎቶ ሥር በትልልቁ «እንደ ኪቲዮኔ ሁኑ፤ ሁሌም ክፍት!» ተብሎ ተጽፏል። ገጹ ደግሞ በቋሚነት ተዘግቷል ይላል። ሁለቱም ከአንድ ጽሕፈት ቤት የወጡ ስለሆኑ፣ በሚመቻችሁ ጊዜ ተወያይታችሁ አንዱን ምረጡ። የተሸነፈው የግድግዳው ከሆነ ግን እባካችሁ ስታወርዱት አትቅደዱት፤ ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ቅጂ የለንም። ጽሑፉ አያስጨንቃችሁ፤ እናቴ ከታች በመቀስ ትቆርጠዋለች።