ቦረቦሩ እስኪደፈን

ነሐሴ 2
ጠዋት ትንሽ ካፋና ተወ። ሥራ ገባን። ፋብሪካው የሚያወጣውን የከሰል አመድ ደለደልን፣ አፈር አለበስነው፣ ልጄ በሮለር ጠቀጠቀው። ሌላ ወሬ የለም። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። ይህን የምትጽፍልኝ የልጄ ሚስት ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። "ስለ ጉልበትዎም ልጻፍ?" አለችኝ። ያልኩትን ሁሉ ጻፊ፣ ብቻ እንዳታሳምሪው።

ነሐሴ 4
የትናንቱ ዶፍ ጉድ ሠራን። ወደ ወንዙ የሚያየው የክምሩ ጎን ከአናቱ እስከ እግሩ ተሰንጥቋል። ሰው ቆሞ የሚሄድበት ቦረቦር። አፈሩ ተጠርጎ አመዱ ራቁቱን ቀርቷል፤ ከሥሩ የተነጠፈው ወፍራም ላስቲክ ሳይቀር ይታያል። አንድ ዝናብ ከደገመ አመዱ ወንዝ ውስጥ ነው... ያንን ውሃ የታችኛው ሰፈር ሰው ይጠጣዋል። ሰማዩ ደግሞ እንደከበደ ነው።

ነሐሴ 5
መሐንዲሷ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ግን ዓይኗ አያርፍም። "ጋሼ፣ ከላይ አመድ እየገፋችሁ እንዳትሞሉት። ግራ ቀኙን በእርከን ቁረጡ፤ ከታች ጀምራችሁ ስስ ስስ እያደረጋችሁ፣ እየጠቀጠቃችሁ ውጡ። እስከዚያ አፋፉ ላይ ማሽን እንዳይወጣ። ውሃው ውስጥ ውስጡን ሳይበላው አይቀርም።"
ይህ ሁሉ እስኪሆን ሰማዩ ይጠብቀናል? አመድ እኮ ርሶ ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው። አፋፉን በተረከዜ ደለቅኩት። ድንጋይ። ዕድሜ ልኬን መሬት የለየሁት በዚህ ተረከዝ ነው። ለእሷ ግን "እሺ" አልኳት። ለምን አልኩ? ለመገላገል።

ነሐሴ 6
መሐንዲሷ ከክምሩ እግር ያለውን የውሃ መውረጃ ቦይ ልታይ ወረደች። እሷ ዞር ስትል ልጄን ወደ አፋፉ በእጄ ጠራሁት፤ ቶሎ ገፍተን እንድንጨርስ። እኛ ዘንድ ሮለር ነጂ መሬት አያይም። የሚያየው ከፊቱ ቆሞ የሚጠራውን ሰው እጅ ነው። እጁ ና ካለ ይመጣል። ደንባችን ይኸው ነው።
እሱ ሞተሩን አጠፋ። ወረደ።
"አልወጣም አባዬ።"
"ምን አልክ?"
"መሬቱን አላመንኩትም።"
"መሬቱን ነው እኔን?"
"ጥርሱ" የምንለው ዶዘር ነጂ፣ "አለቃ፣ ቤት የጀመራችሁትን እዚህ ልትጨርሱት ነው?" ብሎ ሰዉን አሳቀው። ደሜ ፈላ። እንግዲያው ልጄ አይደለህም አልኩት። በሰው ፊት።
ይህን ስነግራት የልጄ ሚስት ብዕሯ ቆመ። ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

ነሐሴ 7
አልተነጋገርንም። ራት ሲቀርብ "በልቻለሁ" አለ። ውሸቱን ነው።

ነሐሴ 8
ምሳ ሰዓት ላይ ሁላችንም መጠለያው ሥር ተቀምጠናል። ሲናድ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ጥርሱ ወሬውን አቋረጠና "አለቃ..." ብሎ በአገጩ አመለከተኝ። አፋፉ የለም። በተረከዜ የደለቅኩት ቦታ ቁልቁል ሰምጧል። ሄጄ አየሁት... ከላይ ቅርፊት፣ ሥሩ ባዶ። ዝናቡ በልቶት ኖሯል። ሮለሩ ቢወጣበት ከነነጂው ይገባ ነበር።
ሰዉ ሁሉ ወደ ምሳው ተመለሰ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ልጄ የያዘውን ውሃ ጠጣና ወደ ሥራው ሄደ።
እዚህ ላይ ስደርስ የልጄ ሚስት ብዕሩን አስቀምጣ ወጣች። ባሏ ነው እኮ። ጓዳ ቆየች። ተመልሳ ተቀመጠችና "ይቀጥሉ አባባ" አለችኝ። ፊቷን ማየት አቃተኝ። ምን ልቀጥል?

ነሐሴ 9
ጠዋት ሰዉ ሲሰበሰብ መሐንዲሷ ፊት ቆምኩ። "እሺ ብዬሽ ዋሽቼሻለሁ። ማሽኑን ላወጣው ነበር። እምቢ ያለኝ ልጄ ነው።" ልጄ የምትለዋን ጠበቅ አድርጌ ነው ያልኩት። መሐንዲሷ ተቆጣችኝ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ትንሽ ልጅ። ቻልኩት። ምን አማራጭ አለኝ?
"ከዛሬ ጀምሮ ሮለሩን ማን ይጥራ?" አለች። ሁሉም ወደ ልጄ ዞሩ።
"አባዬ ይጥራኝ። ግን በተረከዝ አይሆንም። በፌሮ ብረት መሬቱን እየወጋ።"
ጥርሱ እንኳ አልሳቀም።

ነሐሴ 11
እርከን ስንቆርጥ ዋልን። ደመናው አናታችን ላይ ነው። ወገቤ...

ነሐሴ 14
ትናንት አመሻሽ ላይ ዝናቡ ወረደ፤ ያውም እንደዚያኛው። የሞላነው ጎን ግን ንቅንቅ አላለም። መሐንዲሷ ከቦዩ ውሃ በእጇ ዘግና አየች፣ አመድ የለበትም። "ጎበዝ" አለች፣ ማንን እንደሆነ እንጃ።
የቀረን አናቱ ነበር። ፌሮውን ወጋሁ፣ አልገባም። አለፍ ብዬ ወጋሁ፣ አልገባም። ልጄ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤ አላጣደፈኝም። እጄን አነሳሁ። ትንሽ ቆየ... መጣ። ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም። አጠገቤ ሲደርስ አንገቱን አወጣና፣ "ገለል በል አባዬ፣ ተጠግተሃል" አለኝ።
እዚያ ክምር ላይ እኔን ገለል በል ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።
ገለል አልኩለት።