በድሮ ስሙ የተገኘው ቤት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለቩኮታ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለው? ሚሌቫስ እንዴት ናት? ትንሿ ኢስክራስ? እናንተ ዘንድ ሜልቦርን አሁን ሙቀቱ ጀምሯል አሉ፤ ደስ ይበላችሁ። እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳያባራ እየዘነበብን፣ ከዝናቡም ገሚሱ በጣሪያው እየገባ፣ እንዳለን አለን። እናታችን ታስላለች። ሐኪሙ «ደረቅ ክፍል ውስጥ ትተኛ» ብሎ አዘዘላት። ሰውየው ቤታችንን አያውቀውም።

ጣሪያውን ለማሳደስ የባለቤትነት ማስረጃ አምጪ ስለተባልሁ ማክሰኞ ወደ ኮቶር፣ ወደ ንብረት መዝገብ ቤት ሄድሁ። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ የቤቱን አድራሻ መንገር ብቻ ነው። ነገርሁ። ጸሐፊዋ ዝላታ የምትባል የዚሁ የከተማችን የሪሳን ልጅ ናት። ኮምፒውተሯን ነካካችና «እትዬ ቪዶሳቫ፣ እንዲህ የሚባል መንገድ የለም» አለችኝ። «ታዲያ እኔ ጠዋት በምን ላይ መጣሁ?» ብላት ሳቀችና «ቀድሞ ማን ይባል ነበር?» አለች። ከዚያ በፊት የነበረውን ስም ነገርኋት፤ እሱም የለም። መንገዳችን ካለበት ሳይነቃነቅ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ስሙ ሲለወጥ ኖሯል፤ መዝገቡ ደግሞ ወሬ ዘግይቶ የሚደርሰው ነው። በአባታችን ዘመን ስም ስትሞክር ተገኘን።

ተገኘን ማለቴ ቤቱን ነው። ቤት ስድሳ አራት ካሬ፣ ግቢ፣ የፍየል በረት፤ ባለቤት ቩኮታ፣ ሙሉ በሙሉ። እኔ የለሁም። በረቱ እንኳ አለ። የበለስ ዛፏም ስላልተጻፈች ብዙ አልከፋኝም። አባታችን የሞተ ሰሞን፣ እህት ለወንድሟ እንደምታደርገው፣ ድርሻዬን ትቼልህ የፈረምሁት ራሴ ነኝ። ከፊርማው ስንመለስ የተጠበሰ ዓሣ ጋብዘኸኛል፤ ጥሩ ዓሣ ነበር። የተዉትን መልሶ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አልጠይቅህም።

ዝላታ ግን ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ከስምህ በታች ከሦስት ሳምንት በፊት የገባ አዲስ መስመር አለ፤ ቤቱን ለሆቴል ሠሪዎች የሸጥህበት ውል። «አልነገረዎትም እንዴ?» አለችኝ። «ነግሮኛል፣ እኔ ነኝ የረሳሁት» አልኋት። ያመነችኝ አይመስለኝም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ገና አልጸደቀም እኮ፤ እስከ ገና በዓል ድረስ እሱ ፈርሞ ውሉን ሊያሰርዘው ይችላል» አለችኝ።

ለእናታችን አልነገርኋትም። እሷ እንደሆነች «ልጄ ሲመጣ ጣሪያውን ያሠራዋል» ከማለት አልቦዘነችም። ከቤቱ የማያፈሰው ያንተ ክፍል ብቻ ነው። አንተ ከሄድህ ጀምሮ ማንም እንዳይተኛበት ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ስላሰረችው፣ እኛ ወጥ ቤት ከድስትና ከባልዲ ጋር እንተኛለን። ዛሬ ጠዋት ግን ለምኜ ቁልፉን ተቀበልኋትና አልጋህ ላይ አስተኛኋት። ብርድ ልብሱን ሳለብሳት እጄን ያዝ አድርጋ «እሱ ፈቅዷል?» አለችኝ። «አዎ፣ ጽፎልናል» አልኋት።

ቩኮታ፣ እሷ እስካለች ድረስ ብቻ ውሸታም አታድርገኝ።

ሚሌቫን ሰላም በልልኝ። ኢስክራን ግንባሯን ሳምልኝ። እናታችን ጉንጭህን ትስማለች፤ «ስለ አልጋው እግዜር ይስጥልኝ በይው» ብላኛለች።

እህትህ ቪዶሳቫ
ሪሳን፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2019