የነከስሽው ዳቦ

ዳሪ ቦሎ መንደር፣ ዘራፍሻን ሸለቆ
የኖሩዝ አዲስ ዓመት በዋለ በአምስተኛው ቀን

ለልጄ ለዛርኒጎር፣

ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። አፕሪኮቱ አብቧል፤ ውርጭ ካልመታው ያፈራል።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማደሪያው ይቀዘቅዛል፣ መምህሩ አያከብረኝም፣ ሾርባው ውሃ ነው ትያለሽ። ይሁን። ከሁሉ በታች ግን «የተቀደደውን ካፖርቴን ቢቢሶሮ ትስፋልኝ፤ ቶሎ በላት» ብለሻል። «እባክሽ» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ለጎረቤታችን ለቢቢሶሮ አልሰጠኋትም፤ ራሴ ሰፋሁት። ስፌቱ ቢጣመም እንደተጣመመ ልበሺው።

በክረምቱ ዕረፍት የሆነውን ረስተሽ እንደሆነ ላስታውስሽ። ሕክምና ልትማሪ ወደ ዱሻንቤ ስትሄጂ የነከስሽውን ዳቦ የጋገረችው እሷ ናት፤ ግድግዳ ላይ የሰቀለችውም እሷ። በወጋችን መንገደኛው ተመልሶ እስኪጨርሰው ማንም አይነካውም። አራት ወር ሙሉ አቧራውን ስታራግፍ፣ ከአይጥ ስትጠብቀው አይቻለሁ። ስትመጪ አውርዳ ከሻይ ጋር ሰጠችሽ። አንቺስ ምን አልሽ?

«ኧረ አክስቴ፣ ይሄ ለዶሮ ነው! ትኩስ የለም እንዴ?»

«የሐኪም ጥርስ ለስላሳ ነው» ብላ እየሳቀች ትኩስ አመጣችልሽ። እኔ ግን ፊቷን አየሁት። ስቆጣሽም «ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በራሴ ጭንቅላት ነው፤ ማን ረዳኝ?» አልሽ።

እናትሽ ስትሞት ስምንት ዓመትሽ ነበር። አንቺ መጽሐፍሽ ላይ እንድትቀመጪ ከወንዝ ውሃ የቀዳው ማን ነው? ልብስሽን ያጠበውስ? እኔ አይደለሁም። እኔማ «ልጄን ጭቃ እንዳታስነኩብኝ» እያልኩ መንደሩን ሳስጨንቅ ነው የኖርኩት። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ከጋዜጣ ቁራጭ ብቻዬን ስለተማርኩ፣ ሰው ለሰው ምንም አያደርግም ብዬ አስብ ነበር። ያንን ከእኔ ነው የወሰድሽው። ይህን መጻፍ አይቀለኝም።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ላመሰግናት ደጇ ሄድኩ።

«የዛርኒጎር አባት፣ ምነው በር ላይ ተተከሉ? ግንድ ነዎት?»

አፌን ከፈትኩና «ጣሪያሽ ያፈሳል» አልኳት።

«ያፍስስ! ጥላው ለምትሄድ ሴት ምን ይሠራላታል?»

እንዲህ ነው የሰማሁት። ልጇ ሩሲያ ሊወስዳት ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ትሄዳለች። በዚህ ዕድሜዋ ከሄደች አትመለስም። በሁለታችን ጓሮ መካከል ያለውን በር ልድፈነው ወይስ ልተወው፣ እስካሁን አልቆረጥኩም።

በማግስቱ ደግሞ ሄድኩ። ጣሪያውን ጠግኜ ወረድኩ፤ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ።

ዳቦውን መልሳ ሰቅላዋለች። «ልጅ ናት፤ አንድ ቀን ይርባታል» ትላለች።

ሳትሄድ ድረሺ። ትምህርት አለብኝ እንዳትይኝ፤ ሁለት ቀን ይበቃሻል። ስጦታ አታምጪ። ጥርስሽን ቢሰብረውም ዳቦውን ፊቷ ብዪው፤ ከዚያ ማለት ያለብሽን በይ። ስትናገሪ እኔም አጠገብሽ እቆማለሁ፤ ብቻዬን ሁለት ጊዜ ሄጄ አልሆነልኝም።

እግርሽ አይሰናከል፤ ልብሽ አይደንድን፤ እጅሽ የዳሰሰው ሕመምተኛ ይዳን።

አባትሽ ሳይፊዲን