ኮቶቹ ላይ የተጠለፈው አድራሻ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበስሽ ስትውዪ፣ ተነሺ በቃ የሚልሽ ሰው አለ ወይ? የአባዬስ ሳል ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። ዛሬማ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ብነግርሽ በእልልታሽ አታስጨርሺኝም ብዬ ነው።

ባለፈው ስንደዋወል ያልሽኝ ነገር አንጀቴን ሲበላው ከረመ። በምትሰፊው የልጆች ኮት ሁሉ የውስጥ ኪስ ላይ የድረ ገጻችንን አድራሻና የኮቱን ቁጥር ትጠልፊያለሽ። ልጁ ሲያድግ ወላጅ ያንን አድራሻ ስልኩ ላይ ጽፎ፣ አጥፈሽ የተውሽውን እጅጌ እንዴት እንደሚለቅ ያያል። እኔ ደግሞ ደስ ይበልሽ ብዬ ድረ ገጹን እንደ አዲስ ስሠራው፣ የገጾቹ አድራሻ በሙሉ ተቀየረና የጠለፍሽው ሁሉ የትም የማያደርስ ሆነ። «ኮቱ ከልጁ ጋር ያድጋል ብዬ፣ ቃሏን አጠፈች ልባል ነው?» አልሽኝ። ሱቅ ውስጥ ያሉትንም ጥልፋቸውን ልፈታ ነው አልሽኝ። የተሸጡትንስ ማን ይፈታቸዋል?

ጉዳዩን ለአለቃዬ አጫወትኳት። በጠባይዋ የተነሳ «ረጋ» ነው የምንላት። ክሩን መፍታት ምን አመጣው፣ ለሰርቨሩ ንገረው እንጂ አለችኝ። ሰርቨር ማለት ገጹን ለጠየቀ ሰው የሚያቀብለው ኮምፒውተር ነው። የድሮውን አድራሻ ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ ቁጥሩን ሳትጥል ወደ አዲሱ ገጽ ውሰደው ብለሽ ደንብ ትጽፊለታለሽ፤ እሱም ያደርሰዋል።

እኔ ችኩልሽ ግን ነገሩን ሳላስጨርሳት ጻፍኩት። አድራሻው ውስጥ ኮት የሚል ያለበትን ሁሉ ወደ አዲሱ ገጽ ላክ አልኩት። ለካስ አዲሱም አድራሻ ውስጥ ኮት የሚል አለ! ሰርቨሩ ምን ያድርግ፣ የደረሰውን ሰው እንደገና ይልከዋል፣ ሲደርስ ደግሞ ይልከዋል። አባዬ ገብቶ የተቀመጠውን እንግዳ ግባ እንጂ እያለ እንደሚያስነሳው ማለት ነው። በመጨረሻ ስልኬ ታከተውና ገጹን አላሳይም አለኝ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ረጋ እንባዋን እየጠረገች ቅድመ ሁኔታ ጨምርበት አለችኝ። አዲሱ ገጽ ላይ ካልደረሰ ብቻ ላከው፣ ከደረሰ ግን ተወው፣ ይረፍበት ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ ሰጥ ለጥ ብሎ ይሠራልሽ ጀመር።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። በማግስቱ፣ ዛሬ ጠዋት፣ አንድ ሰው በድሮው አድራሻ መጣ፤ የኮቱ ቁጥር አንድ! ለማን እንደሰፋሽው መቼም አትረሽውም። ግድግዳ እንጋራት የነበረችው ነርሷ ጓደኛሽ፣ ቤት ከለቀቀች ወዲህ የት ገባች እያልሽ ስትብሰለሰዪባት የኖርሽው፣ ራሷ ናት። ገጹ ሥር እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ኮቱ ከትልቁ ልጄ ወደ ትንሿ ወርዷል። እጅጌው አጥሯት ነበር፣ እንዳሳያችሁት ለቀቅሁላት፣ ልክክ አለ፤ ዛሬም ለብሳው ትምህርት ቤት ሄደች። የሰፋችው ጓደኛዬ አሁንም ትሰፋለች ወይ? ስልኬ ጠፍቶ ቁጥሯን አጣሁት።» እማዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ትሰፋለች ብዬ መለስኩላት፣ ቁጥርሽንም ሰጠኋት። የማታውቂው ቁጥር ሲደውልልሽ እንዳታልፊው።

አባዬን ሳልህን ሳታስታምም ወደ ሥራ እንዳትሮጥ ብሎሃል በዪልኝ። ኮቶቹን ፎቶ የምታነሳልንን እህቴን ጉንጯን ሳሚልኝ። አክስቴንም፣ ቁልፍ የምትተክልልሽን፣ እጅሽ አይዛል በዪልኝ። አንቺ ግን አደራሽን፣ መቀሱን ወዲያ አድርጊውና ሱቅ ያሉትን ኮቶች አንዲት ክር እንዳትነኪባቸው። ቃልሽ አልታጠፈም፤ አንዲት ልጅ ዛሬ ለብሳው ትምህርት ቤት ሄዳለች።

ያንቺው ችኩል
ከመሥሪያ ቤቴ፣ መስኮቱ አጠገብ
የካቲት ፱ ቀን