ስለ ሁለቱ ፀረ ቫይረሶችና ስለ አርባ አንዱ ደቂቃ

ናዝሬት፣ ጥቅምት 17 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሰብስቤ ኃይለየሱስ፣
በአትክልት ማከፋፈያ ድርጅታችን የጥበቃና የሥራ ዲሲፕሊን ኃላፊ

ጓድ ኃላፊ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለእንቅልፍዎና ለደም ግፊትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። እኔ እንኳ ከባለፈው ሳምንት ረቡዕ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ሆኖም የእርስዎ ደኅንነት የሁላችንም ደኅንነት እንደሆነ በየስብሰባው ስለሚነገረን፣ የኔው ይቅርና የእርስዎ ይሰንብት ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ድፍረት ኖሮኝ አይደለም። ፈርቼ ነው። ቢሮዎ ገብቼ በቃል ብናገር፣ ምን እንዳልኩ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ በእርዳታ በመጣችው ኮምፒውተር ላይ የምሠራው ዘርፉ ነኝ። ከመቂ ቲማቲም ጭነው የሚመጡ መኪኖች ወደ ድሬዳዋ ለመቀጠል የሚይዙትን የጭነት ወረቀት የማወጣው እኔ ስሆን፣ ወረቀቱ ካልወጣ መኪናው ከግቢያችን በር አይንቀሳቀስም። ማሽኗን ከቫይረስ የሚጠብቅ አንድ ፕሮግራም አብሯት መጥቶ ነበር፤ በሰላም እንኖር ነበር። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ግን እርስዎ፣ አንድ ዘበኛ ብቻውን ሊያንቀላፋ ስለሚችል፣ የግቢው በር በሁለት ዘበኛ እንደሚጠበቅ ሁሉ ኮምፒውተሯም በሁለት ፀረ ቫይረስ እንድትጠበቅና አንዱ ሌላውን እንዲቆጣጠር አዘዙ። ስለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ የማቀርበው ምስጋና ወሰን የለውም። ካለኝ ፍርሃት ጋር የሚከተሉትን አቤቱታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከዚያ ዕለት ወዲህ በስምንት ደቂቃ ይወጣ የነበረው የጭነት ወረቀት አርባ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። አምስት መኪና ከተሰለፈ አምስተኛው ሾፌር ከሰዓት በኋላ ነው ወረቀቱን የሚያየው፤ እስከዚያው ድረስ ፀሐዩ ቲማቲሙን ያፈላዋል፣ ከመኪናው ሥርም ቀይ ውኃ ይንጠባጠባል። ይህን ነገር እርስዎ የኢኮኖሚ አሻጥር ብለው ስም አውጥተውለታል። አሻጥረኛዋ እኔ መሆኔንና ሰኞ በኮሚቴው ፊት ቀርቤ ግለ ሂስ እንዳደርግ የሚገልጸው ደብዳቤዎም ደርሶኛል። ስሜን ከነአባቴ ስም ሳይሳሳቱ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የፀረ ቫይረሶቹን ብርታት በጩኸታቸው መጠን መመዘንዎ ነው። በማክሰኞው ስብሰባ አዲሱ ፕሮግራም ከነባሩ ይልቅ ንቁ መሆኑን፣ ለዚህም ማስረጃው ቀኑን ሙሉ መጮኹ እንደሆነ አስረድተውናል። እኔ ትምህርቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስላላለፈ በእጅ ሰዓቴ ለካሁት። አንድ የመቂ ዝርዝር ይዤ፣ ምንም ሳልቀይርበት፣ ማሽኗን በየሙከራው መካከል አጥፍቼ እያስነሳሁ፣ በሦስት ቀን የምሳ ሰዓት በየቀኑ አንድ ዙር ሞከርኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን የመብራቱ መዋዠቅ ወይም እንቅልፍ ማጣቴ ሊያሳስተኝ ይችል ነበር። ከሦስቱም መካከለኛውን ውጤት ወሰድኩ። ያለ ምንም ጠባቂ ስድስት ደቂቃ። ነባሩ ብቻውን ሲጠብቅ ስምንት፣ አዲሱ ብቻውን ሲጠብቅ ዘጠኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠብቁ አርባ አንድ። ቫይረስ እውነት መሆኑን ስለማውቅ ለጥበቃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢጠፋ አላጉረመርምም፤ ማሽኗ ያለ ጠባቂ ትቅር የሚልም ቃል አልወጣኝም። የቀረውን ደቂቃ ሁሉ የሚበላው ግን ነባሩ የከፈተውን ፋይል አዲሱ መፈተሹ፣ አዲሱ የነካውን ደግሞ ነባሩ እንደገና መፈተሹ ነው። መኪኖቹ የሚቆሙት እነርሱ ተጠራጥረው እስኪጨርሱ ነው።

ሦስተኛው ስለ ጂብሪል ነው። ጂብሪል የመቂ መጋዘናችን ሠራተኛ ሲሆን፣ የዕለቱን ዝርዝር በፍሎፒ ዲስክ ይዞ በአውቶቡስ የሚያመጣልን ሰው ነበር፤ ነው ማለቴ ነው። አዲሱ ፕሮግራም በተጫነበት ረቡዕ ጠዋት መጀመሪያ የገባው ፍሎፒ የእርሱ ሆነና ማሽኗ ጮኸች፣ ሜሞሪዋ ውስጥ ቫይረስ አለ የሚል ጽሑፍም አወጣች። እርስዎም ለጥቂት ደቂቃ ትፈለጋለህ አሉት። ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው። የወሰዱት ሰዎች ሰውየውን ይዘው ፍሎፒውን ማሽኗ ውስጥ ረስተውት ስለሄዱ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ፤ ያንኑ ፍሎፒ በነባሩ ብቻ ብፈትሸው ዝም አለ፣ በአዲሱ ብቻ ብፈትሸውም ዝም አለ። ሁለቱን አብሬ ስጭናቸው ግን ከማሸጊያው ገና የወጣ ባዶ ፍሎፒ ባስገባም ማሽኗ ትጮኻለች። ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ሳነበው ምክንያቱ ተገለጠልኝ። ነባሩ ፕሮግራም ቫይረሶችን የሚለይበትን የምልክት ዝርዝር ሜሞሪ ውስጥ ይዞ ይቀመጣል፤ አዲሱ ያን ዝርዝር ያይና ቫይረስ አገኘሁ ብሎ ይጮኻል። የሌቦችን ፎቶግራፍ በኪሱ የያዘ ፖሊስ በሌላ ፖሊስ ተፈትሾ ሌባ ነህ እንደተባለ ማለት ነው። ጂብሪል ያመጣው ቫይረስ የለም።

የጂብሪል ባለቤት ዲንቄ በየጠዋቱ ስንቅ ይዛ እርሱ ወደተያዘበት ጣቢያ ስትሄድ በግቢያችን በር ታልፋለች። አካም ቡልቴ ትለኛለች፣ እኔም ደኅና ነኝ እላታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳህኑ ባዶውን ይመለስላት ነበር፤ ከእሑድ ወዲህ ግን እንደሞላ እየተመለሰ ነው። ትናንት አጥሩን ይዛ፣ «ዘርፉ፣ ዛሬም አልበላም እኮ፤ ምናልባት አሞት ይሆን?» አለችኝ። አሞት ይሆናል አልኳት።

አራተኛውን ጀምሬ ሰርዤዋለሁ። ስለ ራሴ ነበር። በአጭሩ፣ እፈራለሁ ጓድ ኃላፊ፤ መኪና ከቤቴ ደጅ በቆመ ቁጥር መብራት አጠፋለሁ፣ እህቴ ሮማነወርቅም ልብሴን በትንሽ ሻንጣ አዘጋጅታ አልጋ ሥር አድርጋዋለች።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፣ ሰኞ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከሁለቱ ፕሮግራሞች አንዱ፣ ደስ ያለዎት ይሁን፣ ከማሽኗ እንዲወጣ፣ ጂብሪልም በእግሩ ቆሞ በተገኘበት ፍሎፒው በሁሉም ፊት እንዲፈተሽ ነው። ማሽኗ ከጮኸች በእርሱ ቦታ እኔን ይውሰዱኝ። ዝም ካለች ለዲንቄ ይመልሱላት። ከዘገየ ደግሞ ስለ ደቂቃ የጻፍኩት ሁሉ ለምንም አይጠቅምም።

ትእዛዝዎን ከማንም ይበልጥ አክብራ በሰዓት የለካች፣ እስከ ሰኞ ድረስ የድርጅቱ ሠራተኛ፣

ዘርፉ ሐዲስ

ግልባጭ፣
ለሠራተኛ ማኅበሩ
ለዲንቄ፣ የሚያነብላት ሰው ከተገኘ

ማሳሰቢያ፣ ባለፈው ቅዳሜ ንግግርዎን እንዳትምልዎ በገዛ እጅዎ የሰጡኝን ፍሎፒ ሳስገባ ማሽኗ ያንኑ ጩኸት ጮኸች፣ ያንኑም ጽሑፍ አወጣች። የረቡዕ ትእዛዝዎ እንዲህ ያለ ፍሎፒ የተገኘበትን ሰው ስም ለጥበቃ ኃላፊው ወዲያውኑ እንዳስታውቅ ያዛል። ስለዘገየሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስምዎን በዚህ ደብዳቤ አስታውቄዎታለሁ።